ሁለቱ ማብሪያዎች

እህቴ ቬልዳ ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ሰኞ ጠዋት ድምፅዋን ስሰማ መጀመሪያ ያልኳት፣ "ማን?" ነበር።

"ማንም አልሞተም። የሞተው መፍጫው ነው" አለችኝ።

መፍጫ የምትለው ከወጥ ቤቷ ዕቃ ማጠቢያ ሥር የተንጠለጠለውን ሞተር ነው። የምግብ ትርፍራፊ ፈጭቶ ከውሃው ጋር ወደ ቱቦ ይሰደዋል። በእኛ ከተማ መፍጫ የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የእሷን ባሏ ሃርላን ቤቱን ሲሠራ በገዛ እጁ ነበር የገጠመው። ሃርላን ከሞተ ቆይቷል። መፍጫው ግን ከእሱ በኋላም እራት ባለቀ ቁጥር እያጉረመረመ ኖረ።

"ታዲያ ቧንቧ ሠራተኛ አትጠሪም?"

"ቧንቧ ሠራተኛ ከጠራሁ ጎረቤት መኪናው ላይ የተጻፈውን ያነባል። ጎረቤት ካነበበ ደግሞ ዱዌይን ይሰማል።"

ዱዌይን አንድ ልጇ ነው፤ ኦማሃ ከተማ የመድን ሥራ ይሠራል። በበጋው ምድጃዋ ላይ የመስኮት መጋረጃ ተቃጥሎባት ነበርና ያን ጊዜ መጥቶ፣ "እማ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ከተበላሸ ቤቱ ይሸጣል። አንቺም እኔ ዘንድ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ትገቢያለሽ" ብሏት ሄዷል። የሚለውን የሚያደርግ ልጅ ነው። ሐሙስ ደግሞ የምስጋና ቀን ነው፤ ቱርክ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ሊበላ ይመጣል።

"መሣሪያህን ያዝና ና" አለችኝ። "ዝም ብለህ ና። ለነገሩ አንተ መቼ ተናግረህ ታውቃለህ።"

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሠራሁበት የእህል ጎተራ ሥር ነው የምኖረው። አዲስ መፍጫ ገዛሁና ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ሄድኩ። በረዶ ይወርዳል። ነፋስ ስላልነበረ ከመውረድ ይልቅ አየር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። ከተማው ድምፅ አልነበረውም።

የቬልዳ ወጥ ቤት ትንሽ ነው። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ በላይ ደግሞ አንድ አምፖል። ከመስኮቱ በስተግራ ግድግዳው ላይ ሁለት ማብሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እንደ መንታ አይለዩም። አንዱ አምፖሉን ያበራል፤ ሁለተኛው መፍጫውን ያስነሳል።

ቡና ቀዳችልኝ። ስትቀዳ ጣቷን በሲኒው አፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ነበር የያዘችው። አየሁ። ጠረጴዛው ላይ የተላጠ ድንች ነበረ። ግማሹ ላይ ልጣጩ ቀርቷል። እሱንም አየሁ።

"በይ ላይ ቁሚልኝ" አልኳት። "እኔ ምድር ቤት እወርዳለሁ። አምፖሉ ሲጠፋ ጩኺ።"

በእኛ አገር የቤት መብራት የሚነካ ሰው ረዳት ይፈልጋል። አንዱ ምድር ቤት ወርዶ የየመስመሩን መብራት የሚቆርጡትን ብሬከሮች በየተራ ያወርዳል፤ ሌላው ላይ ቆሞ አምፖል ይጠብቃል። ከዚያ በወለሉ ውስጥ ይጯጯሃሉ። አባትና እናታችን በሌላ ነገር ሲጯጯሁ ሰምቼ አላውቅም። ማብሪያዎቹ አንድ ሳጥን ውስጥ ስላሉ መስመራቸውም አንድ ነው ብዬ ነበር፤ አምፖሉ ከጠፋ መፍጫውም ጠፋ ማለት ነው።

"ሥራውን ታስታውሺዋለሽ?"

"አንተ ልጅ፣ እኔ አምፖል መጠበቅ የጀመርኩት አንተ ጥርስ ሳታወጣ ነው።"

ወረድኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለችው አንዲት መስኮት በበረዶ ተሸፍናለች፤ በዚያ የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ ነው። መደርደሪያው ላይ ቬልዳ በብርጭቆ ያሸገችው ኮክና ቲማቲም ተደርድሯል። ፍሬዎቹ በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር። ከማሞቂያው ወደ ላይ የሚሄደው ቱቦ የላዩን ድምፅ ወደ ታች ያወርዳል፤ ማቀዝቀዣዋ ሲያንጎራጉር፣ እግሯ ሲንቀሳቀስ፣ ሁሉም ከውሃ በታች እንዳለ ሰው ይሰማኛል።

አንዱን ብሬከር አወረድኩ።

"ጠፋ?"

"በርቷል!"

መለስኩትና ሌላውን አወረድኩ።

"አሁንስ?"

"በርቷል! ምነው ፈራህ እንዴ?"

ሌላ።

"ይሄስ?"

"በርቷል አልኩህ! ፀሐይን ነው እንዴ የምትፈልገው?"

ቀጥዬ አንድ ወፍራም ብሬከር አወረድኩ። ላይ ያለው ቤት በአንድ ጊዜ ጭር አለ።

"ጠፋ!" አለች።

ወጣሁና በቀጥታ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንበረከክሁ። ውሃውን ዘጋሁ። ከመፍጫው ግርጌ ያለችውን ቆርቆሮ በካቻቢቴ ፈታሁ፤ ጥቁሩና ነጩ ሽቦ ከነቆባቸው ብቅ አሉ። ማንም ጠፍቷል ቢለኝ ኤሌክትሪክ ካለ የሚበራውን ቴስተር ሳላስነካ ሽቦ አልይዝም። ሃርላን ከመቃብር ተነሥቶ ቢምልልኝም አልይዝም። አስነካሁት።

ቴስተሩ በራ።

ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና አስነካሁት። በራ። ያኔ ካለሁበት ወለል ቀና አልኩ። አምፖሉ ከእህቴ ራስ በላይ ቦግ ብሎ ይበራል። እሷ ፊቷን ወደ አምፖሉ አቅንታ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ሥራዋን እንደጨረሰ ሰው ፈገግ ብላለች። ከመስኮቱ የሚገባው የበረዶ ብርሃንና የአምፖሉ ብርሃን ነጭ ፀጉሯ ላይ ተገናኝተዋል።

"ቬልዳ፣ ጠፍቷል ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"አሁንም ጠፍቷል?"

"ጠፍቷል አልኩህ እኮ! ደነቆርክ እንዴ?"

ዙሪያዬን አዳመጥኩ። ማቀዝቀዣዋ ድምፅ አልነበረውም። ያጠፋሁት እሱን ነው። እሷ አምፖል ስትጠብቅ አልነበረም፤ ማቀዝቀዣ ስታዳምጥ ነበር።

"በርቷል" አልኳት።

ፈገግታዋ ወዲያው አልሄደም። መዳፏን ቀስ ብላ ወደ ላይ ዘረጋች። የአምፖሉ ሙቀት ሲነካት እጇን ሰበሰበችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የመጋረጃው ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ" አለች። "መሃሉ ነው የሄደው። ዳር ዳሩ አለ። አሁን አንተን ሳይ ጆሮህ አለ፣ ኮፍያህ አለ። ፊትህ የለም።"

"ፊቴ ከሆነ ብዙ አልቀረብሽም።"

ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። በረዶው ከመስኮቱ ውጭ አሁንም ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል።

"አንድ ነገር ልንገርህ። አብዳለች እንዳትል።"

"እሱን ከልጅነታችን ጀምሮ ብያለሁ።"

"የአባታችን ፈረሶች ይመጣሉ።"

ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

"ዶሊና ፕሪንስ። ከማቀዝቀዣው አጠገብ ይቆማሉ። ጀርባቸው ላይ በረዶ አለ፤ ቤቱ ሞቃት ነው ግን አይቀልጥም። አንዳንዴ ደግሞ የግድግዳው ወረቀት አበባ እየሰፋ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። አንድ ቀን አንተ እዚያ ተቀምጠህ ካፖርትህ በሙሉ አበባ ሆነ። ያምርብህ ነበር።"

"ፈረሶቹ ድምፅ አላቸው?"

"የላቸውም። የሌሉ መሆናቸውን የማውቀው በዚያ ነው። ዶሊ ቆማ ዝም አትልም ነበር።"

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ማንም እንዳያያት ሌላ ከተማ። ሐኪሙ በሽታው የአእምሮ አይደለም፣ ዓይን የሚያየው ሲያጣ የሌለ ነገር ራሱ ይፈጥራል ብሏታል። እሷ አምናዋለች። የልጇ ነገር ነው የቸገራት።

"ለዱዌይን ምን ብዬ ልንገረው? አላይም ልበለውና ቀጥዬ ፈረስ አያለሁ ልበለው?" ወደ እኔ ዞረች፤ የተመለከተችው ጆሮዬን ነው። "ሐሙስ እስኪያልፍ ሆድ ይፍጀው በለኝ።"

ካቻቢቴውን ኪሴ ከተትኩና ተነሣሁ። ወደ ምድር ቤት ስመለስ በማቀዝቀዣው አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ። ሳላስበው ራቅ ብዬ ዞሬ አለፍኩ።

ትክክለኛውን ብሬከር እየወጣሁ እየወረድኩ ብቻዬን አገኘሁት። ጉልበቴ አለቀ። ከዚያ የአሮጌውን መፍጫ ቀለበት አዞርኩ፤ እንደ አዲስ የተወለደ ጥጃ ረጥቦና ከብዶ ጭኔ ላይ ወደቀ። ባልዲ ላይ ስገለብጠው የድንች ልጣጭ ወጣ። ቀጥሎ የታኘከ የሻይ ማንኪያ ወጣ።

"ማንኪያ ነው የገደለው" አልኳት።

"አዎ፣ ይወድቅብኛል።"

"ሲወድቅ እንዴት ታወጪዋለሽ?"

"በእጄ ነዋ። እንዴት ላወጣው?"

ተነሥታ አሳየችኝ። ቀኝ እጇን በማጠቢያው ቀዳዳ እስከ አንጓዋ አስገባች። ስታጎነብስ ግራ እጇ መደገፊያ ፍለጋ ራሱ ወደ ግድግዳው ሄደና ዐረፈ። ያረፈው ሁለቱ ማብሪያዎች ላይ ነበር። በጣቶቿ ዳበሰቻቸው፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ እንደገና አንዱን።

መስመሩ ጠፍቷል፤ መፍጫውም ባልዲ ውስጥ ነው። እኔ ግን ተነሥቼ እጇን ከግድግዳው ላይ አነሣሁት።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

አዲሱን መፍጫ ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ያመጣሁት ልኩ አይደለም።"

በዚያው በረዶ ተመልሼ ወደ ሱቁ ሄድኩና በሌላ ቀየርኩት። ሁለተኛው መፍጫ ክዳን ያለው ነው። ክዳኑን ቀዳዳው ላይ አስገብተህ ካላዞርከው አይነሣም። እጅ ውስጥ ካለ ክዳን አይገባም፤ ክዳን ካለ እጅ አይገባም። ሰዎች አይወዱትም፤ በየጊዜው መክደን ይሰለቻቸዋል። ባለ ሱቁ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ሰጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ገጠምኩት። ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ አጣምሬ ቆብ ቆቡን አጠበቅሁ፤ ባዶውን መዳብ ከአረንጓዴው ብሎን ጋር አሰርኩ። እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጌ ሞከርኩ፤ ናስትሮ ጠቀለልኩበት፤ ቆርቆሮዋን መለስኩ። የቀረው ግድግዳው ነበር። መፍጫው በክዳኑ ስለሚነሣ የግድግዳውን ማብሪያ አይፈልገውም። ማብሪያውን አውጥቼ ሁለቱን ሽቦዎቹን እርስ በርሳቸው አገናኘኋቸው፤ በቦታው ቀዳዳ የሌለው ልሙጥ ሽፋን ገጠምኩበት። ከመንታዎቹ የአምፖሉ ማብሪያ ብቻ ቀረ።

ቬልዳ አጠገቤ ቆማ ታዳምጣለች።

"አሁን ክደኚውና አዙሪው" አልኳት።

ክዳኑን በሁለት እጇ ዳበሰች፤ አስገባች፤ አዞረች። መፍጫው ከማጠቢያው ሥር በወፍራም ድምፅ ተነሣ። መለሰችው፤ ዝም አለ። እንደገና አዞረች። እንደ ልጅ ደጋግማ ስታስጮኸው ምሽት ሆነ።

ካፖርቴን ስለብስ፣ "ለዱዌይን ትነግሪዋለሽ" አልኳት።

"ካልነገርኩትስ?"

"እኔ ሄጄ አልነግረውም። ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።"

"አንተና አፍህ!" አለች። "ቃልህን እንደ እህል ጎተራ ውስጥ ቆልፈህ ነው የምታኖረው።"

ሐሙስ ዱዌይን መጣ። ሚስቱ ወደ ወላጆቿ ሄዳ ነበርና ብቻውን ነው። ረጅም፣ ጨዋ፣ ሁልጊዜ የቸኮለ ሰው ነው። እናቱን ስሞ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቤቱን መፈተሽ ጀመረ። ቧንቧ ከፈተ፣ ዘጋ። ምድጃውን ነካ። መስኮት ሳበ። ቱርኳ መጋገሪያው ውስጥ ነች፤ ዳቦው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ነው፤ ቬልዳ የተቀቀለውን ድንች በኤሌክትሪክ መምቻ እየመታች ነው። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ወጥ ቤቱ ደመና ውስጥ ያለ ይመስላል።

"አጎቴ፣ እዚህ ሌላ ማብሪያ አልነበረም?"

"ነበረ።"

"የት ሄደ?"

"አነሣሁት። መፍጫው አሁን በክዳኑ ነው የሚነሣው።"

"ለምን?"

ወደ ቬልዳ ተመለከትኩ። እሷ ወደ ሳህኑ አጎንብሳለች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በዚያች ቅጽበት መምቻው ቆመ፤ የዳቦው ማሞቂያና አምፖሉ ጠፉ።

"ይኸው!" አለ ዱዌይን። "ይኸው ተበላሸ!"

"አልተበላሸም፣ ጭነት በዛበት" አለች ቬልዳ። "በየምስጋና ቀኑ ይሄ ነገር አለ። አባትህ ሲወርድ አይተሃል። ውረድና መልሰው።"

ዱዌይን ተነፈሰና ወረደ። የደረጃው ድምፅ በቱቦው መጣ። ብሬከር ቀጭ ሲል ሰማን።

"እማ! በራ?"

አምፖሉ አልበራም። አልበራም ልል አፌን ስከፍት ቬልዳ አንጓዬን ያዘችኝ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሚይዝ እጅ አይቼ አላውቅም።

ሌላ ቀጭ አለ።

"እማ! አሁንስ? በራ ወይ?"

ፊቷን ወደ አምፖሉ አነሣች። ከዚያ አንጓዬን ሳትለቅ ጎንበስ አለች፤ ሙቀት ወደሚወጣበት የወለል ፍርግርግ። ፀጉሯን ሞቃቱ አየር ያወዛውዘዋል።

"አላውቅም፣ ዱዌይን" አለች።

"ምን?"

"አላውቅም! አይታየኝም! አምፖሉ አይታየኝም። አንተንም ስትገባ አላየሁህም፤ በጫማህ ነው ያወቅኩህ!"

ከታች የትልቅ ሰው የማይመስል ድምፅ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ።

ነገረችው። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ የምትነግረው አይመስለኝም። ለወለሉ ግን ሁሉንም ነገረችው፤ መጋረጃውን፣ ማንኪያውን፣ ሐኪሙ ያላትን፤ በመጨረሻ ፈረሶቹንም። እኔ በእጇ ተይዤ ቆሜያለሁ። ስትጨርስ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቱርኳ ስብ ሲንጣጣ ብቻ ነበር።

"እማ።"

"ወይ።"

"አሁንም እዚያ ናቸው? ፈረሶቹ?"

"ዶሊ ከአጎትህ ኋላ ናት።"

ትንሽ ወደ ፊት ተጠጋሁ።

ከታች ቀጭ አለ። አምፖሉ ቦግ አለ። መምቻውን ማንም አላጠፋውም ነበርና ሳህኑ ውስጥ ዘሎ ተነሣ፤ ድንቹን በግድግዳው፣ በመስኮቱ፣ በእኔና በቬልዳ ላይ ረጨው።

"በራ!" ብዬ ጮህኩ።

"ይሄስ ለእኔም ገባኝ" አለች ቬልዳ፣ ከጉንጯ ላይ ድንች እየጠረገች።

ዱዌይን ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ድንቹን አየና ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደ። የመፍጫውን ክዳን አነሣ፤ ቀኝ እጁን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። ግራ እጁ ወደ ግድግዳው ሄዶ ልሙጡ ሽፋን ላይ ዐረፈ። እንዲያ ሆኖ ብዙ ቆየ። እናቱ በዚህ ቦታ እንዴት እንደምትቆም አሁን ያየ መሰለኝ።

"ለዚህ ነው ያነሣኸው" አለኝ።

"አዎ።"

እጁን አወጣ። "እማ፣ ብቻሽን መኖር አትችይም።"

ቬልዳ ወንበሯን ይዛ ቆመች። እሱ ያለው እውነት ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። እኔም ዝም ብዬ መብላት እችል ነበር።

"ብቻዋን አይደለችም" አልኩ። "የእኔ ቤት ጣሪያው ለአንድ ሰው በዝቷል። እዚህ እመጣለሁ።"

"ማን ጠራህ?" አለች ቬልዳ። "ታንኮራፋለህ።"

"አንቺም ትለፈልፊያለሽ።"

ዱዌይን ሁለታችንንም ተመለከተን። ከጃኬቱ ውስጥ የአረጋውያኑን ቤት ሥዕል የያዘች ወረቀት አወጣ፤ አጠፋት፤ መልሶ ከተታት።

"እስከ ጸደይ እንየው" አለ።

በእኛ አገር ከዚያ የበለጠ ቃል ማንም ለማንም አይሰጥም። ተቀምጠን ቱርኳን በላን። ድንቹ ጥቂት ነው የተረፈው።

ቅዳሜ አልጋዬን በበረዶ ላይ ጎትቼ ሃርላን መሣሪያውን ያስቀምጥበት የነበረው ክፍል አስገባሁ። ያን ምሽት እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ልጣጩን ወደ ቀዳዳው ሰበሰበች፤ ከደነች፤ አዞረች። መፍጫው አጉረመረመና ዝም አለ። ከዚያ ግራ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሄደ። ልሙጡን ሽፋን አገኘ፤ እዚያ ትንሽ ቆየ፤ አልፎ ማብሪያዋን ነካ።

"በራ?"

"በራ።"

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ወደ ጆሮዬ።

"እስቲ ፈቀቅ በል" አለች። "ፕሪንስ ሊያልፍ ነው።"

ሳህኑን እንደያዝኩ ወደ ምድጃው ጠጋ አልኩና አሳለፍኩት።